በጓሮ የገባው ተመራጭ

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ አዲስ አበባ

ከተማው ገና አልነቃም፤ መናኸሪያው ግን አገር ምድሩን ይቀሰቅሳል። «ማርቆስ! ማርቆስ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ጠሪው። ይህ «አንድ ሰው» አሥራ አንድ ሰው ማለት መሆኑን ሃያ ዓመት ተመላልሼ ተምሬዋለሁ፤ ዛሬም አምኜው ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ያገኘኋቸው ሾፌሩን፣ ሁለት ጆንያ ሽንኩርትና ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። የመስኮቱን ወንበር ሽንኩርቱ ይዞታል።

«መንገዱ ሰላም ነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«እስከ ደረስንበት ድረስ ሰላም ነው» አለኝ። ገና ከመናኸሪያው አልወጣንም።

የምሄደው ወንድሜ ጠርቶኝ ነው። አያ ያረጋል ስድሳ ዓመት አልፎታል። ከአማኑኤል ከተማ ማዶ፣ ሁለት ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ መንደራችን ተመርጦ የወረዳው ምክር ቤት አባል ነው። ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ግን የመረጠው መንደር ውስጥ መግባት አልቻለም፤ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ ተቀምጧል። ሐሙስ ዕለት ደወለና «እሑድ ልገባ ነው። ብቻዬን እግሬ እንቢ አለኝ፤ ነይልኝ» አለ። በሕይወቱ «ነይልኝ» ብሎኝ አያውቅም። አብሬው ስገባ ምን እንደምጠቅመው አላወቅሁም፤ ድንጋይ ቢወረወር ለሁለት እንካፈለው እንደሆነ እንጃ።

አራት ሰዓት፣ ጎሐ ጽዮን

ከጫንጮ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ ለምራቴ፣ ለወንድሜ ሚስት የያዝኩትን ስኳር፣ ሻማና ሻርፕ አየና «ለሠርግ ነው?» አለኝ። «ለዕርቅ ነው» አልኩት። «ዕርቅማ ከሠርግ ይከብዳል፤ እለፊ» አለ።

ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ ዲማ አካባቢ ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው፤ አዲስ አበባ ያለች ልጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ ነው። ከኪሳቸው ቆሎ እየቆነጠሩ ያካፍሉኛል። ወንድሜ መንደሩን ስለምን እንደሚፈራ ስነግራቸው ሳቅ አሉ።

«ተማሪዎቼ አንድ ዘመን አድመው ነበር» አሉኝ። «ቅኔ አንቀበልም አሉ። ምነው ልጆቼ ብል አንድም የሚመልስልኝ የለ። በሦስተኛው ቀን የአስነጋሪውን ጎጆ ክዳን ገፈው ጣሉት።» አስነጋሪ ማለት ከተማሪዎች ከፍ ያለው፣ ከመምህሩ ሥር ሆኖ ሌሎቹን የሚያስጠናው ነው።

«ምን አድርጓቸው ነው የኔታ?»

«ቁንጫ! ቁንጫ ፈጀን፣ ለየኔታ ንገርልን ብለውታል። እሱ ደግሞ በዚህ ትንሽ ነገር አላስቸግራቸውም ብሎ፣ ፈርቶኝ፣ ዋጠው። እነሱ ነግሮልን የኔታ እንቢ ያሉ መስሏቸዋል። ሁለት ቁና አመድ ቢነሰነስ የሚጠፋ ነገር ጎጆ አፈረሰ!» አሉና ቆሏቸውን አፋቸው ውስጥ በተኑት።

የዓባይን በረሃ እስክንሻገር ስለ ቁንጫው አስብ ነበር ብዬ ብዋሽ ደስ ባለኝ፤ እውነቱን ለመናገር የማስበው ስለ ፍሬኑ ነው። መንገዱ ተጠማዝዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዝንጀሮዎቹ ዳር ይዘው ቀረጥ እንደሚጠብቅ ሰው ይመለከቱናል። ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ ሙቀቱ ቀነሰ፤ ደጀን ላይ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ደጀን

የኔታ ወደ ቢቸና የሚሄደውን መኪና ለመያዝ እዚህ ወረዱ። «ወንድምሽን፣ አመዱ ሳያልቅ ይናገር በይው» ብለው ባረኩኝ። እኔና ሾፌሩ ጥብስ አዘዝን። አራት መቶ ብር ነው፤ ሥጋው ጥቂት፣ ቃሪያው ብዙ፣ እንጀራው ግን የጎጃም ጤፍ ነውና ሳልናገር ጨረስኩት። አዲስ አበባ «ማኛ» እየተባለ የሚሸጥልን ምን እንደሆነ እዚህ ስበላ ሁልጊዜ እጠራጠራለሁ።

ስምንት ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

ማርቆስ የባጃጅ ከተማ ሆናለች። በአንድ ባጃጅ አራት ሰው፣ አንድ በግና የበጉን ገዢ ጭነው ያልፋሉ። የኔው ባለ ባጃጅ የወንድሜን ሰፈር ስነግረው «ሽማግሌው የሚኖሩበት? በጠዋት ወጥተው ደጅ የሚጠርጉት?» አለኝ። ወንድሜ መጥረጊያ ሲይዝ ለማየት በዚህ ዕድሜዬ በቃሁ ማለት ነው።

ከስቷል። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ጄሪካንና አንድ የተማሪ ደብተር አለ። ሻይ አፍልቶ፣ ስኳሩን አብዝቶ ሰጠኝና አጠገቤ ተቀመጠ። ታሪኩን በስልክ ቁርጥራጩን ነበር የምሰማው፤ አሁን ከሥሩ ነገረኝ።

በመንደራችን ሰው ተልኮ ሲሄድ እርሻው አይቆምም። የላኩት ሰዎች ወበራ ወጥተው፣ ማለትም በኅብረት ሆነው፣ ያርሱለታል፤ ያርሙለታል፤ ያጭዱለታል። እሱም ሲመለስ ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ሄዶ፣ ቆሞ፣ የሄደበትን ይናገራል። የሆነውንም ያልሆነውንም። የተጻፈ ደንብ የለም፤ አያቶቻችንም እንዲህ ነበር የሚላላኩት። መንግሥት ምርጫ ብሎ ሲመጣ መንደሩ ምክር ቤቱንም በዚሁ ልማድ ነው የገባው፦ ያረጋልን ልከናል፤ መሬቱን እናርሳለን፤ መጥቶ ይነግረናል።

የላኩት ለድልድይ ነበር። በመንደሩና በአማኑኤል መካከል ወንዝ አለ፤ የእንጨቱን ድልድይ ጎርፍ ከወሰደው ሁለት ክረምት ሆኖታል። ክረምት ሲገባ በሽተኛ የያዘ ቃሬዛ ወንዙ ዳር ቆሞ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል።

«ሚያዝያ ላይ ጉባኤ ተጠራን» አለኝ ወንድሜ። «ከጠዋት እስከ ምሳ ሪፖርት ሰማን። ከምሳ በኋላ ሌላ ሪፖርት። አሥር ሰዓት ሲሆን ጥያቄ ያለው ተባለ። እጄን አወጣሁ። ሁለት ደቂቃ ሰጡኝ፤ አንዱን ደቂቃ በማመስገን ጨረስኩት።»

«በሌላውስ?»

«ድልድይ አልኩ። ተመዝግቧል አሉኝ። ስወጣ አንድ ባለሙያ ኮሪደር ላይ ትከሻዬን ይዞ፣ አባቴ ለዘንድሮ የለም፣ አይጠብቁ አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይህንኑ አትነግራቸውም ነበር?»

ወንድሜ ደብተሩን አገላበጠ። «ልነግራቸው ነበር የመጣሁት። ኮረብታው ላይ ስደርስ መሬቴን አየሁት። ገልብጠው አርሰውታል፤ ድንበሩን እንኳ አስተካክለውታል። እኔ የለም የሚል መልስ ይዤ ነው የምገባው። እግሬ ወደ ዋርካው አልሄድ አለኝ፤ ዞሬ በጓሮ ገባሁ።»

ከዚያ በኋላ የሚጠይቀውን ሁሉ «በሂደት ላይ ነው» ይለው ጀመር። ይህን ቃል ከጉባኤው ነው ያመጣው። ሁለት ጊዜ ሌላ ጉባኤ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ በጓሮ ገባ።

ነሐሴ ላይ የልየው ሚስት ጥሩዬ ምጥ ጠናባት። ልየው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ቤቱ ከወንድሜ ቤት ብዙ አይርቅም። ቃሬዛውን ወንዙ ዳር አድርሰው ጎርፉ እስኪቀንስ ሲጠብቁ እሷም የሆዷም አለፉ። ሕዝቡ ከቀብር ሲመለስ በቀጥታ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ነው የከበበው። መስኮቱ ተሰበረ፣ ወረቀቱ ነደደ፣ የወንድሜ ስም እየተጠራ ድንጋይ ዘነበ። እሱ እዚያ አልነበረም። የነበረችው ሰብለ የምትባለው የቀበሌው ጸሐፊ ናት፤ ድንጋዩ ግራ ዓይኗን አጠፋው። ማን እንደወረወረ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የሚያውቅም ካለ ዝም ብሏል። መስቀል እስኪያልፍ ወንድሜ ከቤቱ ሳይወጣ ሰነበተ። ከዚያ ወጣቶቹ የእሱን ቤት በተራው እናነደዋለን ማለታቸውን ሲሰማ ሚስቱንና ልጆቹን ከሚያስፈጅ ብሎ ወደ ከተማ ሸሸ።

«ጸሐፊዋ ልጅ አሁን የት ናት?» አልኩት።

«እዚሁ ማርቆስ፤ እህቷ ዘንድ። ከዚህ ሁለት ሰፈር አልፎ።»

«ጠየቅሃት?»

ሻዩን አማሰለ። አራት ወር ሙሉ ደጅ ከሚጠርግ አንድ ቀን እዚያ ድረስ ቢሄድ ምን ነበረበት! ተናደድኩ፤ ተናድጄም ነገርኩት። አልተከራከረኝም።

«አሁን ምን አግኝተህ ነው የምትገባው?»

«ጤፌን አጨዱት» አለ። «ምራትሽ ደውላ ነገረችኝ። ኅዳር ላይ ሁሉም ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ልየውም ነበረ። አጭደው፣ ከምረው፣ ጠላዋን ሳይቀምሱ ሄዱ። ለምናቸው፣ አልቅሳ፣ አንድ ዋንጫ እንኳ አልነሡላትም።» ደብተሩን ዘጋው። «ቤቴን ቢያነዱት እችለው ነበር፣ ገነት። የነሱን ድርሻ ጨርሰዋል። የቀረው የኔው ነው።»

እሑድ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አማኑኤል

ከማርቆስ አማኑኤል በሚኒባስ አርባ ደቂቃ ነው። ቁርስ ፍርፍር በላን፤ ማለቴ እኔ በላሁ። ወንድሜ ሻይ ብቻ ይዞ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ያያል። የሆቴሉ ባለቤት ሴትዮ አወቀችው።

«አያ ያረጋል! ሊገቡ ነው?»

«ልገባ ነው።»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ፤ ይናገሩ» አለችና የሻዩን ሂሳብ አልቀበልም አለች። የፍርፍሩን ግን ተቀበለች።

መንገዱ በጥር ደስ ይላል። ጤፉ ተነሥቷል፤ ሽምብራው እሸት ነው። ከአንድ ማሳ ዳር ጥቂት ነቅዬ እየበላሁ ሄድኩ፤ ባለ ማሳው ከሩቅ አይቶኝ «ጨምሪ!» ብሎ ጮኸ። ይህ አገር እንዲህ ነው፤ እሸቱን ስትሰርቂ ጨምሪ ይልሻል፤ ዝም ስትይው ይወግርሻል። ወንዙን በድንጋይ በድንጋዩ እየዘለልን ተሻገርነው። ውኃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ሰው የገደለው ይህ ነው ብሎ ማመን ይቸግራል። ወንድሜ መሀሉ ላይ ቆሞ አማተበ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ መንደሩ

ቅዳሴ አልቆ ሰው ለሰንበቴ ተሰብስቧል። ሁሉም ወደ እኛ ዞረ። ምራቴ እትዬ አለሚቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣ መልሳ ተቀመጠች። ቤታቸው ከዋርካው በስተጀርባ ቅርብ ነው፤ ወንድሜ ወደዚያ ዞር ብሎ አላየም። በቀጥታ ዋርካው ሥር ሄዶ ቆመ። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ የሆኑት ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ይዘው ቀረቡና «ይናገር?» አሉ ወደ ሕዝቡ። ማንም አይናገር አላለም፤ ማንም ደግሞ ለመሄድ አልተነሣም። በጎጃም ዱላ ያልያዘ ወንድ የለም፤ በዚያች ሰዓት ግን የያዙት ሁሉ የበዛ መሰለኝ። ወደ ወንድሜ ጠጋ አልኩ።

ወንድሜ ደብተሩን አልከፈተም። ጉባኤውን፣ ሁለቱን ደቂቃ፣ «ተመዝግቧል» መባሉን ተናገረ። ስለ ምስጋናው ሲናገር ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ዋጠው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የተነገረውን ተናገረ።

«በሚያዝያ ዘንድሮ የለም ተብዬ ነበር። እናንተ መሬቴን አርሳችሁ አየሁ፤ አፈርኩ፤ በጓሮ ገባሁ። በሂደት ላይ ነው ያልኳችሁ ሐሰት ነው። ሂደት አልነበረም።»

ልየው ተነሣ። ረጅም ነው፤ ጥቁር ለብሷል። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ወደ ወንድሜ ሁለት እርምጃ መጣ። 

«አንተ» አለው። እድሜ ልኩን አንቱ ነበር የሚለው። «በሚያዝያ የለም ብለኸን ቢሆን ግንቦትን ሙሉ እንጨት አንቆርጥም ነበር? ድልድይ ባይሆን መሻገሪያ ያቅተን ነበር? እኛ መንግሥት ይሠራዋል ብለን ነው እጃችንን አጣጥፈን የተቀመጥነው። የለም ማለት እኮ አይገድልም! የገደለን ይመጣል ብለን መጠበቃችን ነው።»

«አዎ» አለ ወንድሜ።  

 ልየው ከወንድሜ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ወደ ሰዉ ዞረ። «እንግዲህ እኔም ቆሜ ልናገር» አለ። «የሰብለን ዓይን ያጠፋው ድንጋይ ከኔ እጅ የወጣ ነው። የዚህን ሰውዬ ስም እየጠራሁ ነው የወረወርኩት። እሷ ስትወድቅ አይቻለሁ። ማን ነው ሲባል ዝም አልኩ።»

ቄሰ ገበዙ መስቀሉን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። አንዲት ሴት «ወይኔ ልጄ!» አለች፤ የልየው እናት ኖራለች። አንዳንዱ ድሮም ያውቅ ነበርና መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ሽማግሎቹ ብዙ ተናገሩ፤ ግማሹን አላስታውሰውም። ሲያልቅ የተቆረጠው ይህ ነው፦ ከነገ ወዲያ ወንዱ ሁሉ መጥረቢያ ይዞ ለመሻገሪያው እንጨት ይወጣል። ነገ ደግሞ ሁለቱ ማርቆስ ይወርዳሉ፤ ልየው ሰብለ ፊት ቀርቦ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሣውንም ሽማግሌ ያያል፤ ሕግ ከጠየቀውም ይቆማል። ወንድሜም አብሮት ይሄዳል።

ከሰዓት ምራቴ ቤት ሰው መጣ። ብዙ አይደሉም፤ አምስት ይሆናሉ። ጠላ ቀረበላቸው። ሁለቱ ጠጡ፤ ሦስቱ «ቆይ፣ ሌላ ቀን» አሉ። እትዬ አለሚቱ ለሁለቱ ደጋግማ ስትቀዳ አንደኛው ሰክሮ የወንድሜን ጫማ አድርጎ ሄደ።

ሰኞ፣ አራት ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

ሦስታችን አንድ ወንበር ላይ ተጣብቀን መጣን። ልየው መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። ባጃጅ ላይ ሲወጣ ራሱን ጣሪያው መታው፤ ባለ ባጃጁ «አይዞህ፣ ሁሉንም ይመታል» አለው፤ አልሳቀም። ሽማግሎቹ ማር በቅል አስይዘውታል፤ ቅሉን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎታል።

ቤቱ ቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ውስጥ ነው። ሰብለ ራሷ ከፈተችልን። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጠቆር ያለ መነጽር አድርጋለች። ወንድሜን ስታይ ደነገጠች፤ ቢሆንም «አያ ያረጋል፣ ይግቡ» ብላ ወንበር ጠረገችልን። ልየው አልተቀመጠም። ቅሉን መሬት አስቀምጦ፣ ስሙን ተናግሮ፣ ምን እንዳደረገ ተናገረ። ቃሉ አጭር ነበር። ሲጨርስ አጎንብሶ ቀረ።

ሰብለ መነጽሯን አወለቀች። የተዘጋውን ዓይኗን ለማየት አልደፈርኩም፤ በደህናው ግን ልየውን አትኩራ አየችው።

«ጥሩዬን አውቃት ነበር» አለችው። «ቀበሌ መጥታ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ክረምት ሳይገባ ድልድዩን አድርሱልን ብላኛለች። በሷ ምክንያት ነው ሦስተኛውን ደብዳቤ ለብቻው የጻፍኩት።»

«የምን ደብዳቤ?» አለ ልየው።

ሰብለ ግራ ገብቷት ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረች። «የድልድዩን ነዋ! ሦስቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። አማኑኤል ድረስ በእግሬ ሄጄ ማኅተም አስመትቼ ለወረዳው የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። አያ ያረጋል፣ እያወቁ ይህን አልነገሯቸውም እንዴ?»

 ወንድሜ ትናንት ዋርካው ሥር ጉባኤውን ተናግሯል፣ ኮሪደሩን ተናግሯል፣ ኀፍረቱን ተናግሯል። እሷን አላነሣትም፤ እንዳልጠቀሳትም ልብ ያለው ገና አሁን ነው። እኔም ከጎኑ ነበርኩ፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ልየው ቀና አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ድምፁ ግን ረጋ ያለ ነበር።

«አያ ያረጋል» አለው፣ «እሑድ እንደገና ዋርካው ሥር ይቆማሉ።»

«እቆማለሁ» አለ ወንድሜ።